ያለ ማኅተም የለካው ሰው

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቤት ሥራ ነው። መምህራችን ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈውን የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት፣ ከማንም አፍ አንዲት ጥቅስ ሳንወስድ፣ በራሳችን ቃል እንድንተርክ አዘውናል። ሁለተኛው ግን የቤት ሥራ ሳይሆን የቤት ጉዳይ ነው፤ የአያቴ መሬት ጉዳይ።

ከቤት ጉዳዩ ልጀምር። የተወለድኩት ዛሪማ ነው። ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው ዛሪማን ያውቃታል። ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ አውቶቡሱ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እየዞረ ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፤ ታች ሲደረስ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፈት ይላል። የእኛ አገር እዚያ ሙቀቱ ውስጥ ነው። ቀና ሲሉ የስሜን ተራሮች ከላይ ተደርድረው ይታያሉ።

አያቴ እዚያ የማሽላ ማሳ አላቸው። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት በጀመረበት በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ማሳቸው የተለካው በገመድ ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ አያቴ፣ ሌላውን ጫፍ ጎረቤታቸው ይዘው፣ ሽማግሌ ቆሞ እያየ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተተከለ። ገመድ ይረግባል፣ ይሳባል፤ ትክክለኛ ነው ማለት አይቻልም። ግን ጠብ አልነበረም። ጠቡ የመጣው በኋላ ጎርፍ ድንጋዮቹን ሲወስዳቸው ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተስማምተው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ያለው አንድ ሰው በገንዘብ አስመጡ። ሰውዬው ማሳውን ዞረ፣ ቁጥር አነበበ፣ ችካል አስመታ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በችካሉ መሠረት የአያቴ ማሳ በወርዱ አራት ሜትር ያህል ጠበበ። ከሥራ ሲደክማቸው የሚያርፉባት የቁርቁራ ዛፍም ወደ ጎረቤት ሄደች።

በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስ ሦስትም አምስትም ሜትር ሊስት እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሰውዬው የት እንደተማረ፣ ማን እንደፈተነው፣ በማን ፈቃድ እንደሚሠራ የጠየቀውም የለም። ፊርማ አልተወም፣ ማስታወሻ አልተወም፤ የሰጣቸው ስልክም በኋላ አልሠራም። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ደብር እያስቀደሱ ለሁለት ዓመት ሰላም አልተባባሉም።

ለቤት ሥራው ስለማን ልጻፍ ብዬ ሳስብ ታዲያ ከ250 ዓመት በፊት በእኛው ደጅ የመለኪያ መሣሪያ አስይዞ ያለፈ አንድ ስኮትላንዳዊ ትዝ አለኝ። ጄምስ ብሩስ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ከዓባይ ምንጭ ጋር ነው። እኔ ግን የማየው እንደ ቀያሽ ነው። የሙያ ፈቃድ ያልነበረው፣ ነገር ግን በደንብ የለካ ቀያሽ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ይታመናል ወይስ አይታመንም? ሕይወቱን ስከተል የነበርኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕግ ያልተስማማው ተማሪ

ብሩስ የተወለደው በዲሴምበር 1730፣ ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በሚባል የአባቱ ርስት ነው። እናቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሃሮ በሚባለው ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ ኤድንብራ ሕግ እንዲያጠና ገባ። ሕጉ ግን አልተስማማውም፤ ተወው። በ1754 አድሪያና አለን የምትባል የወይን ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ አገባና እሱም ወደ ወይን ንግዱ ገባ። ጋብቻው ዓመት እንኳን አልሞላም። ሚስቱ በሳንባ በሽታ ታማ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ሞተች።

ከዚህ ሐዘን በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። አገር ለአገር መዞር፣ ቋንቋ መማር ጀመረ። ዓረብኛ ያዘ፤ ቀጥሎም በጀርመናዊው ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት ግዕዝ ማጥናት ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን የተማረው ከወሎው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ስለዚህ ብሩስ አገራችንን በዓይኑ ሳያያት በፊት የተማራት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን በተቀዳ እውቀት ነው ማለት ይቻላል።

አባቱ በ1758 ሲሞቱ ርስቱ ለእሱ ሆነ። ከመሬቱ ሥር ድንጋይ ከሰል ነበር፤ ከሰሉን በአቅራቢያው ለተቋቋመው ለካሮን የብረት ፋብሪካ መሸጥ ጀመረ። ብሩስ በኋላ መንግሥትም ሆነ ማኅበር ሳይልከው፣ በራሱ ኪስ ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው በዚህ ገቢ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደፊት ትመጣለች።

በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ። እዚያ በነበረበት ጊዜ ከአንድ ሐኪም ጥቂት ሕክምና ተማረ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ወጣትም ቀጠረ። ባሉጋኒ የቦሎኛ ሰው ነው፤ ሥዕልና የሥነ ሕንፃ ንድፍ አዋቂ። የእሱንም ስም ያዙልኝ።

ሁለቱ በሰሜን አፍሪካ የቀሩትን የሮማውያን ፍርስራሾች እየለኩና እየሣሉ ዞሩ። ቤንጋዚ አካባቢ ግን ብሩስ የተሳፈረባት መርከብ አደጋ ደረሰባት። በዋና ነፍሱን አዳነ፤ ዳር ሲደርስ ደግሞ ተደብድቦ ተዘረፈ። ከሁሉ በላይ የጎዳው መሣሪያዎቹን ማጣቱ ነው። ያለ መሣሪያ ቀያሽ የለም። ወዳጆቹ በየቦታው ጻፉለት፤ በመጨረሻ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ አንድ የነሐስ ኳድራንት ላኩለት። ኳድራንት የክብ ሩብ ቅርጽ ያለው መሣሪያ ነው። በላዩ ላይ የዲግሪ ምልክት ተቀርጾበታል። የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ ሲለኩበት የቆሙበት ቦታ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማለትም ኬክሮሱ ይታወቃል። ኬንትሮስ ግን ይከብድ ነበር። ለእሱ ብሩስ በቴሌስኮፕ የጁፒተር ጨረቃዎች የሚጋረዱበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ያ ሰዓት አውሮፓ ውስጥ ከታየበት ሰዓት ጋር ሲተያይ የቦታው ኬንትሮስ ይወጣል።

ሊማሊሞን ሲወጣ

ብሩስ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ። ናይቡ ለብዙ ሳምንት አስጨንቆ ያዘው። በኖቬምበር ተለቅቆ ታራንታ የሚባለውን ተራራ ሲወጡ ኳድራንቱን የሚሸከም ሰው ጠፋ። ከባድ ነው፣ እንዳይሰበርም ያስፈራል። በመጨረሻ ብሩስ ራሱ ያሲን ከሚባል የመንገድ ጓደኛው ጋር ተሸክሞ ወጣ። ኩሩ ሰው እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ ይስማማሉ፤ ለመሣሪያው ሲል ግን ኩራቱን ትቶ እንደ ተሸካሚ ጎንበስ አለ።

አድዋን፣ አክሱምን፣ ሽሬን አልፎ በጃንዩዋሪ 1770 መጨረሻ ተከዜን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእኛ ነው። በአዲ አርቃይ በኩል የስሜንን ግርጌ ይዞ፣ በቆላው እየሄደ ሊማሊሞ ሥር ደረሰ። ይህን ክፍል ያነበብኩት ለእረፍት አገር ቤት ሄጄ ነው። ቀን ቀን የማየውን ተራራ ማታ ማታ በመጽሐፍ አገኘዋለሁ። ዛሬ ሊማሊሞን የምንወጣበት መንገድ በ1930ዎቹ ጣሊያኖች የሠሩት ነው። በብሩስ ጊዜ የነበረው ግን ጠባብ የእግር መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል። ዕቃ ከከብት ጀርባ እየወረደ በሰው ትከሻ ይወጣ ነበር። ኳድራንቱንና ቴሌስኮፑን ያንን አቀበት ሲያስወጡ ምን ያህል ልብ እንደሚንጠለጠል አስቡት።

ሊማሊሞ የዚያን ጊዜ ኬላ ነው፤ ነጋዴ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም። ብሩስ ግን የትግሬው ገዥና የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ለሆኑት ለራስ ሚካኤል ስሑል የተጻፈ ደብዳቤ ይዟል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በእጁ ያለው ወረቀት የመንገድ ፈቃድ እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። እንዲያልፍ ይፈቅድለታል፤ ልክ አዋቂ መሆኑን ግን አይመሰክርለትም። የዚያን ጊዜ ለቀያሽ እንዲህ ያለ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ የሙያ ማኅበር በአገሩም አልነበረም። የእንግሊዝ ቀያሾች ኋላ የንጉሣዊ ማኅበር ማዕረግ ያገኘውን ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1868 ነው፤ ብሩስ ከሞተ ከ74 ዓመት በኋላ።

ጎንደርና ግሽ

በፌብሩዋሪ 1770 አጋማሽ ጎንደር ገባ። ንጉሡ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል እጅ ነው። በቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ አሉ። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ የቤተ መንግሥት ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ በአልጀርስ የቀሰመውን ጥቂት ሕክምና ይዞ ገባ። ልጆች ዳኑ፤ የእቴጌይቱንና የራስ ሚካኤልን ባለቤት የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ። እንግዲህ ሐኪምነቱም ያለ ፈቃድ ነው። ያመኑት ወረቀት አይተው ሳይሆን ልጆቹ ሲድኑ አይተው ነው። ባይድኑስ ኖሮ? እኔ ይህን ጥያቄ ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ልጁ የማይድን ጊዜ ነው፤ ችካሉ የሳተ ጊዜ።

በጎንደር ያጎቤ እያሉ ይጠሩት ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ፈረስ ጋላቢ፣ ተኳሽ ስለነበር ሹመትም ተሰጠው። ልቡ ግን ዓባይ ምንጭ ላይ ነው። በሜይ 1770 ከጦሩ ጋር ወጥቶ ጢስ ዓባይን አየ፤ ጦርነቱ መልሶ ጎንደር አስገባው። እንደገና ተነሳና በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ።

እዚያ ለትንሽ ቀናት ቆየ። ኳድራንቱን ተክሎ ሌሊት ሌሊት ከዋክብትን ለካ። አንዴ ለክቶ አልተነሳም፤ ከሠላሳ በላይ ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን ወሰደ። የግሽ ምንጭ ኬክሮስ ብሎ የጻፈው 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነው። ዛሬ ከሳተላይት ከሚገኘው ቁጥር ጋር እጅግ ይቀራረባል። ኬንትሮሱን 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ አለው፤ እሱ ወደ ምዕራብ ሩብ ዲግሪ ያህል ተንሸራቷል። በጁፒተር ጨረቃ ለሚለካ ሰው ግን ይህ ነውር አይደለም። በጦርነት መካከል፣ ያለ ረዳት ተቋም፣ በሰው ትከሻ በመጣ መሣሪያ ይህን መሥራት ቀላል ነገር አይደለም። በልኩ ብሩስን አከብረዋለሁ።

መሣሪያውን ፍለጋ ወደ በረሃ

በዲሴምበር 1771 ጎንደርን ለቅቆ በስናር በኩል ተመለሰ። የኑብያን በረሃ ሲያቋርጡ ውሃ አለቀ፣ ግመሎች ሞቱ። አስዋን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ኳድራንቱን፣ ቴሌስኮፖቹን፣ ማስታወሻዎቹን፣ ሥዕሎቹን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥለው ነፍሳቸውን ለማዳን በእግር ሄዱ። የብሩስ እግር ቆስሎ ነበር። አስዋን ሲደርስ ግን አልተኛም። ግመል ለምኖ አገኘና ወደዚያው በረሃ ተመልሶ ዕቃውን አነሳ። ማንም አልነካውም ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ቀን ምረጥ ብባል የምመርጠው የግሽን ቀን ሳይሆን ይህን ቀን ነው። ሰው ሞት አምልጦ ወደ ሞት ቦታ ለቁጥር የሚመለስበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ማስታወሻው ከጠፋ ያየው ሁሉ ወሬ ይሆናል።

ያላመኑት ሰዎች

በ1774 ለንደን ሲገባ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ከበበው። ቆየት ብሎ መሳቅ ጀመሩ። አክሱም አካባቢ ወታደሮች ከቁም ከብት ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ ለመሳለቂያ ዳረገው። የኢየሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዝነኛው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። ብሩስም በስፋት ከማስረዳት ይልቅ ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ሄደ። በ1776 ሜሪ ዳንዳስ የምትባል ወጣት አገባ። እሷም በ1785 ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን የያዘው፤ አምስት ትልልቅ ጥራዝ ሆኖ በ1790 ወጣ። ከጉዞው እስከ መጽሐፉ 16 ዓመት ማለፉን አስቡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወሬው ብቻውን ሲዞር ቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ለምን አላመኑትም? ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ ጠባዩ፣ ኩራቱ፣ ስኮትላንዳዊነቱ። እኔ ግን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳት ነገር ልመለስ። ማንም አልላከውም። ከመሄዱ በፊት የፈተነው፣ ሲመለስ ማስታወሻውን ተቀብሎ የመረመረለት ተቋም አልነበረም። በራሱ ገንዘብ ሄደ፣ በራሱ ቃል ተመለሰ። በዚህ በኩል ያዝንለታል ሰው።

በሌላ በኩል ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የስሜን በረዶ ነው። ስሜን ላይ በረዶ እንደሚጥል ድሮም ተጽፏል። አዱሊስ ላይ የነበረውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ሳይቀር ያነሳዋል። ብሩስ ግን በረዶ አላየሁም አለና የቀደሙትን ተጠራጠረ። በ1810 ሄንሪ ሶልት የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ መጥቶ በረዶውን በዓይኑ አየ፤ ብሩስ ያላየበትንም ምክንያት አብሮ ተናገረ። ብሩስ ያለፈው በተራራው ግርጌ ብቻ ነው። እኛ ዛሪማዎች ይህን ለማወቅ ሶልት አያስፈልገንም። ከታች ሙቀት ውስጥ ቆሞ ስለ ላዩ ብርድ መመስከር እንደማይቻል ጋቢያችን ያውቃል። የቆመበትን ቦታ ተናግሮ ቢያቆም ትክክል ነበር። ያልደረሰበትን ሲጨምር ሳተ።

ሁለተኛው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይህ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽን አይቷል፤ ጽፎታልም። ብሩስ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ለመባል ሲል የፓኤዝን ጽሑፍ ለማስተባበል ደከመ። (የአገሩ ሰው ምንጩን ከእነሱ በፊት ሲያውቀውና ሲያከብረው መኖሩን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።)

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል። ባሉጋኒ ነው። ያ ወጣት ከሰሜን አፍሪካ ጀምሮ አብሮት ነበር። ዕፅዋቱን የሣለው፣ የጎንደርን የአየር ጠባይ በየዕለቱ የመዘገበው እሱ ነው። ጎንደር ላይ ታሞ በ1771 ሞተ፤ አገሩን አላየም። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒ የሞተው ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደሆነ አስመሰለ። ሥዕሎቹንም ብዙውን ጊዜ የራሱ አድርጎ አቀረበ። በኋላ መጽሐፉ በ1805 ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም አሌክሳንደር መሪ የሚባል ሊቅ የቀሩትን ወረቀቶች አገላበጠ። ባሉጋኒ በጣሊያንኛ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ተገኘ። ግሽ ድረስ አብሮ ሄዶ ነበር።

አስቡት እንግዲህ። ብሩስ ለመሣሪያው ሲል ወደ በረሃ የተመለሰ ሰው ነው። መሣሪያውን አብሮት ለተሸከመ ወጣት ግን አንድ አንቀጽ እውነት ነፈገ። የሚገርመው ደግሞ ይህ ለራሱም ጎዳው። ግሽ ላይ ቆሜ ለካሁ ሲል ሁለተኛ የዓይን ምስክር ነበረው፤ በገዛ እጁ ቀበረው።

ብሩስ በኤፕሪል 1794 ሞተ። በረሃና ጦርነት ያልጣሉት ሰው በቤቱ፣ አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው የሞተው። ከኢትዮጵያ ይዟቸው የሄደው የግዕዝ ብራናዎች፣ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ፣ ለአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ሀብት ሆኑ። ከእሱ በኋላ የመጡ መንገደኞችም ብዙውን ነገር እውነት ሆኖ አገኙት፤ የተሳቀበት የጥሬ ሥጋ ጉዳይ ራሱ ለእኛ ምን ያስቃል? የለካቸው ቁጥሮች አድነውታል። ያጎደፉት ያልለካቸው ነገሮችና የደበቀው ስም ናቸው።

ስለ ማኅተም

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። በብዙ አገሮች ዛሬ የመሬት ወሰን ለክቶ የሚፈርም ሰው ይህን ያሟላል። ትምህርት ይማራል፣ በሌላ ባለፈቃድ ሥር ለዓመታት ይሠራል፣ ይፈተናል፤ ከዚያ ማኅተም ያገኛል። ከሳተ የሚጠየቅበት ቦርድ አለ። በአገራችንም የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል፤ እሱን ተከትሎም የካዳስተር ቅየሳ ደንብ ቁጥር 323 መጣ። የአገሪቱን የካርታና የጂኦስፓሻል ሥራ የሚመራው ደግሞ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። ሕግ ማውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ዛሪማ ማሳ ውስጥ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው ከሕጉ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ካርታ ያነሳል።

ጉዳዩ የእኛንም ሙያ ይነካል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና አንድ የድሮን ፎቶግራፍ አንሺ የመሬት ካርታ እያዘጋጀ ለደንበኞች ያቀርብ ነበር። የቀያሾች ቦርድ ያለ ፈቃድ ይህን አትሠራም አለው። እሱም ፎቶና ካርታ መረጃ ነው፣ መረጃ ማሠራጨት ደግሞ የመናገር ነፃነት ነው ብሎ ከሰሰ። በ2024 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለቦርዱ ፈረደ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ ተማሪው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ቦርዱ ገበያውን ለራሱ ሰዎች እያጠረ ነው አለ፤ እውነት አለው፤ ፈቃድ የአጥር ሥራም ይሠራል። እኔ ግን የአያቴ ነገር አለብኝ። ፎቶ ማንሳትና የሰው ወሰን ላይ ችካል መምታት አንድ አይደሉም። የፎቶው ስህተት ይታረማል፤ የችካሉ ስህተት ሁለት ሽማግሌ ያኳርፋል፣ አንዳንዴም ያጋድላል።

ከብሩስ ሕይወት የተረዳሁት ግን ማኅተም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ባለማኅተምም ይዋሻል። ፈቃድ ሰጪው ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር ይመስለኛል። የት ቆመህ ለካህ? ከማን ጋር ለካህ? ሌላ ሰው መጥቶ እንዲፈትሸው ምን ማስታወሻ ትተሃል? ብሩስ ሦስተኛውን በነፍሱ ተወራርዶ አሟላ። የመጀመሪያውን አንዳንዴ ሳተ፤ ሁለተኛውን ካደ።

የአያቴ ነገር ያለቀው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎች ገቡ። የሁለቱንም የይዞታ ደብተር አስመጡ፤ ያን ጊዜ ቆመው ያዩ ሰዎችን ጠሩ፤ ከዚያ እንደገና ገመድ ተዘረጋ። አንዱን ጫፍ አያቴ ያዙ፣ ሌላውን ጎረቤታቸው። ችካሉ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ተመለሰ። ቁርቁራዋ በትክክል የማን እንደሆነች እስካሁን አልታወቀም፤ ወሰን ላይ ነች ተባለና ሁለቱም ያርፉባታል። ባለፈቃድ ቀያሽ በጥሩ መሣሪያ ቢለካው ምናልባት ሌላ ቁጥር ይወጣ ይሆናል። ቢመጣ ደስ ይለኛል። ሲመጣ ግን ገመድ የያዙትን ሰዎች ስም እንዲጽፍ እጠይቀዋለሁ።

ይህን ካልኩ የራሴንም ልናገር። ብሩስን ያነበብኩት በቤተ መጻሕፍትና አገር ቤት በእረፍት ነው። ሊማሊሞን በአውቶቡስ እንጂ በእግር አልወጣሁትም፤ ግሽንም ገና አላየሁትም። ረቂቁን አንብቦ ሁለት ስህተት ያረመልኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ የመሬቱን ነገር የነገሩኝ አያቴ ናቸው። የቀረ ስህተት ያገኘ አንባቢ ካለ የእኔ ነውና ይንገረኝ፤ በሚቀጥለው እትም አርመዋለሁ።